የሦስት ልጆች እናት

እማዬ ከቅዳሴ ስትመለስ አጥሯ በር ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ከአባባ ተዝካር ወዲህ ተኳርፈን የከረምን ሦስት ልጆቿ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ተፋጠጥን።

«መድኃኒቷን እንኳ የምገዛላት እኔ ብቻ ነኝ» አለች ታላቅ እህቴ አስካለ። «እናንተማ መኖሯንም ረስታችኋል።»

ወንድሜ ሽመልስ በንዴት ሳቀ። «አንቺ? በየወሩ እቤቷ ድረስ የምወስድላት እኔ አይደለሁ እንዴ?»

ደሜ ፈላ። ሁለቱም ዓይናቸውን በጨው ታጥበው ይዋሻሉ። ከእነሱ ጠብ የሚል ነገር እንደሌለ ስለማውቅ ነው፣ ባለፈው ሳምንት ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ የግፊት ኪኒኗን ገዝቼ የወሰድኩላት። ጉንጬን ስማ «ተባረክ» ብላ ተቀበለችኝ።

ሐኪሟ ብቅ አለች። «ግፊታቸው በጣም ወርዷል። የሚወስዱትን መድኃኒት ልየው።»

ጎረቤቷ ከትራሷ ሥር ያገኘችውን ፌስታል ይዛ መጥታ ነበር። ሐኪሟ ተቀብላት ወደ ውስጥ ስትገባ ተከተልናት፤ ፌስታሉን እማዬ አልጋ ላይ ዘረገፈችው። ሦስት ፓኬት ወጣ። የፋብሪካው ስም ቢለያይም መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ከሦስቱም ተቀንሷል።

«እናቴ፣ ሦስቱንም በየቀኑ ነው የሚወስዱት?»

እማዬ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ምን ነካሽ እማዬ?» አልኩ፣ ንዴቴን መዋጥ አቅቶኝ። «እኔ ሳመጣልሽ ለምን አለኝ አላልሽም?»

ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«የእነሱን እየዋጥኩ ያንተን ብመልስብህ ቅር አይልህም?»