ወረቀቷ ለምን ቀላች?

ድርጅቱ ሁለት ክፍል ብቻ ነው ያለው። አንዱ ቤተ ሙከራ፣ ሌላው ለቀረው ነገር ሁሉ። ባለቤቱን ሠራተኞቹ «ፕሮፌሰር» ይሉታል። አስተምሮ አያውቅም፤ ወሬ ከጀመረ ግን ማቆሚያ የለውም።

የሚሠሩት ጣት የምታህል መመርመሪያ ወረቀት ነው። ጫፏ የድርጅቱ ኬሚስት ባዘጋጀችው ሞለኪውል ተቀብቷል። ውሃው ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ካለ ወዲያው ትቀላለች። ከሌለ ነጭ እንደሆነች ትቀራለች።

ገንዘብ ሊያወጡባት ያሰቡ ባለሀብቶች መጥተው እንዲያዩዋት ቀጠሮ የተያዘው ለሐሙስ ነበር። ሰኞ ዕለት የፋብሪካ ፍሳሽ ውስጥ ነከሯት፤ ቀላች፤ እሰየው ተባለ። ቀጥሎ ሌላ አዲስ ወረቀት ለማነጻጸሪያ የተቀመጠው ንጹህ ውሃ ውስጥ ነከሩ። እሷም ቀላች።

ንጹሁን ውሃ ፕሮፌሰር ራሱ በጄሪካን ከቤቱ ያመጣዋል፤ አባቱ ካስቆፈሩት ጉድጓድ። ቢሮው በሙሉ የሚጠጣውም እሱን ነው።

«ሞለኪውሉን ምን አደረግሽው?» አላት ኬሚስቷን።

«ትንሽ እርሳስም ቢሆን እንዲይዝ አድርጌዋለሁ። ሌላ የነካሁት ነገር የለም።»

ሥራ አስኪያጁ የፕሮፌሰር የአጎት ልጅ ነው፤ ወሬ ሲሸተው እንቅልፍ አይወስደውም። በሩን ዘጋና ወንበሩን አስጠጋ። «ነገሩ ወዲህ ነው። ቅዳሜ ዕለት ኬሚስቷ ከተፎካካሪያችን ድርጅት ኃላፊ መኪና ስትወርድ በዓይኔ አይቻታለሁ።»

ተጠየቀች። «የእህቴ ባል እኮ ነው» አለች። ምክንያቷ ውሃ አላነሳም።

ማክሰኞ ቁልፏን ተቀማች። ፕሮፌሰር በራሱ እጅ አዲስ ወረቀት ሠርቶ የጉድጓዱ ውሃ ውስጥ ነከረ። ቀላች።

«አየህ? ቅመሙን ከሥሩ አበላሽታዋለች» አለው የአጎቱን ልጅ።

በመሃል ሚስቱ ደወለች። «ልጃችን ዛሬም ሆዴን አለች። ምግብ የሚባል አልቀመሰችም።»

«ከረሜላ አብዝታ ነው። ውሃ አጠጫት» ብሎ ዘጋው።

የአጎቱ ልጅ ቀኑ እንዲራዘም ለመነው። ፕሮፌሰር ግን ወይ ፍንክች። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ። ሐሙስ ብያለሁ፣ ሐሙስ ነው።»

ረቡዕ ጠዋት ኬሚስቷ ተባረረች። ሦስት ዓመት የለፋችበትን ትታ፣ የቢሮ ጫማዋን በፌስታል አንጠልጥላ ወጣች። ደህና ሁኚ ያላት አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። ሰው እንዲህ ነው።

ፕሮፌሰር ሞለኪውሉን በአልኮል ማቅጠን ጀመረ። ቀላች፤ አልኮል ጨመረበት። አሁንም ቀላች፤ አሁንም ጨመረበት። ወደ ማታ ወረቀቷ የፍሳሹን ውሃ ስትነካ ቀልታ፣ የጉድጓዱን ስትነካ ነጭ ሆና ቀረች። እልል ማለት ነበር የቀረው።

«ተንኮሏን ነቀልኩት» አለ ለሚስቱ፣ ቤት ሲገባ። «የእኛ ውሃ ነጭ አሳየ!»

ሐሙስ ሁሉም ነገር እንደታሰበው ሆነ። ባለሀብቶቹ አጨበጨቡ። አንደኛው፣ ፊቱ የማይፈታው ሽማግሌ፣ ከንጹሁ ውሃ ቀድቶ ጠጣና «እንዲህ ያለ ውሃስ ቤቴም የለኝም» ሲል ሁሉም ሳቁ። ውሉ ተፈረመ።

የፕሮፌሰር ስልክ ደጋግሞ ጠራ። እየሳቀ አነሳው።

«ሆስፒታል ነን» አለች ሚስቱ። «ልጅቷ ራሷን ሳተች። ደሟ ውስጥ እርሳስ አገኙባት።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ሐኪሙ ከምትጠጡት ውሃ ይሆናል ሲለኝ፣ ኧረ እሱንስ ባሌ ራሱ መርምሮታል አልኩት።»