የእትዬ ተሾመች አርባ አንድ ስግደት

"ድምፅሽን ቀነስ አድርጊ" ይሏታል መምሬ ገብረ መድኅን፣ የወይራውን ቅርንጫፍ በእጃቸው እንደያዙ።

እትዬ ተሾመች ጆሮዋ ከባድ ነው። በሹክሹክታ የተናገረች እየመሰላት፣ ከአጥሩ ውጭ የመካኒሳን ታክሲ የሚጠብቀው ሰው ሳይቀር ይሰማታል።

"ሰው አምቻለሁ፣ አባቴ። ጾም ገደፈች ብዬ። የታመመች ሰው።"

ስቅለት ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሲሰገድ ውሎ አሁን ሰዉ ተራ በተራ ይቀርባል፤ በደሉን ይናገራል፤ ጀርባውን በቅርንጫፉ ቸብ ቸብ ይደረግና የስግደት ቁጥር ይቀበላል። እኔና እናቴ ከእትዬ ተሾመች ኋላ ቆመናል። አላየችንም።

ያቺ የታመመች ሰው እናቴ ናት። የዛሬ ሁለት ዓመት በሁዳዴ ኦፕራሲዮን ሆና ሐኪሙ እንቁላል አዘዘላት፤ የነፍስ አባቷም ፈቀዱላት። እትዬ ተሾመች ብርቱካን ይዛ ልትጠይቃት መጣች፤ ሳህኑን አየች። በሚቀጥለው ማኅበር ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እናቴን ዘለላት። ሠላሳ ዓመት አብረዋት የጠጡ ሴቶች ናቸው። ከዚያ ወዲያ የጠራት የለም። እኔ ያኔ ፊንላንድ ነበርኩ፤ በስልክ "ሌላ ማኅበር ግቢያ" አልኳት። "እህት ይቀየራል እንዴ?" አለችኝ።

ዛሬ የመጣሁት እንድትደገፈኝ ብቻ ነው። ከተመለስኩ ጀምሮ ስለ እምነቴ አልጠየቀችኝም። ይህን ኑዛዜ ስሰማ ግን ደስ ይለኛል። እውነቱን ለመናገር፣ ሴትዮዋ ሌላም ብትናገር፣ ሌላም ብታፍር እወዳለሁ።

"አርባ አንድ ስገጂ" ይላሉ መምሬ።

"ጉልበቴ ብረት ገብቶበታል፣ አባቴ። አይታጠፍም።"

"እንግዲያው ተቀምጠሽ እግዚኦ በይ።"

"ተቀምጬማ አይሆንም። ቆሜ ነው ያማሁት።"

ከሰልፉ ሳቅ ያመልጣል። እሷ አትስቅም። ዞር ስትል እናቴን ታያለች፤ እዚያው ትደርቃለች።

እናቴ ክርኔን ትለቃለች።

"የእሷን እኔ ልስገድላት፣ አባቴ።"

"እማዬ፣ ከትናንት ጀምሮ ውኃ እንኳ አልቀመስሽም። ሐኪሙ ምን ነበር ያለሽ?"

"ሐኪም ሰምቼ ምን እንዳተረፍኩ ተሹን ጠይቂያት።"

ተሹ። ከመጣሁ ጀምሮ ይህን ስም ከአፏ ሰምቼ አላውቅም።

መምሬ ገብረ መድኅን ወደ እናቴ ይዞራሉ። "ኤሌኒ፣ ይቅር ብለሻታል?"

"ሰግጄ ስጨርስ ይጠይቁኝ። አሁን ቢጠይቁኝ እዋሻለሁ።"

ቅርንጫፉን ዝቅ ያደርጋሉ፤ መንገድ እንደሚለቅ ሰው ወደ ጎን ይላሉ።

እናቴ ኮብልስቶኑ ላይ ትወርዳለች፣ ትነሳለች፣ ትወርዳለች። እኔ እቆጥራለሁ፤ ሌላ የማደርገው ነገር አላገኘሁም። ፊንላንድ ዘጠኝ ዓመት ስማር እንዲህ ያለ ነገር ሲደረግ አላየሁም፤ የበደለሽን ሰው ዕዳ ተሸክመሽ፣ ገና ያልመጣውን ይቅርታ በጉልበትሽ ስትፈልጊው። እምነቱ እውነት መሆኑን አላውቅም። እኔ ግን እንደማልችለው አውቃለሁ።

በሃያኛው ግንባሯ ድንጋዩን ሲነካ ድምፁ ይሰማኛል። ላነሳት ስጎነበስ "ተዪኝ" ትላለች።

"እባክሽ በቃሽ በያት" እላለሁ ወደ እትዬ ተሾመች ዞሬ፣ እንድትሰማኝ ጮክ ብዬ። "የታመመች ሰው ናት።"

እሷ ትከሻዬን ትይዛለች፤ ክብደቷን ሁሉ ጥላብኝ፣ ብረት የገባበትን እግሯን ወደፊት ዘርግታ፣ እያቃሰተች መሬት ትቀመጣለች። ነጠላዋ ከራሷ ይወድቃል፤ አታነሳውም። ክንዷን ትዘረጋና እናቴ ግንባሯን የምታሳርፍበት ድንጋይ ላይ መዳፏን ገልብጣ ታስቀምጣለች።

እናቴ ቆማ ያንን መዳፍ ታየዋለች። መምሬም፣ ሰልፉም፣ እኔም እንጠብቃለን።

ከዚያ ቀስ ብላ ትወርዳለች። ግንባሯ የእትዬ ተሾመች መዳፍ ላይ ያርፋል፤ ጣቶቹም ይታጠፉና ፊቷን ይይዙታል።