የይርገዱ ተራ

በዘመኑ ደንብ ካንሰር የተገኘበት ሰው ሁሉ ቀሪ ዕድሜው በማሽን ይገመታል፤ ግምቱም በዘመድ በጎረቤት ስልክ ላይ ይወጣል። የጡት ካንሰር ለያዛት ለወይዘሮ ይርገዱ የወጣው ግምት «እስከ ጥቅምት» የሚል ነበር። ሐኪሙ «ከታማሚዎቹ ግማሾቹ ከግምቱ አልፈው ይኖራሉ» ቢልም፣ ያንን ልብ ያለ ሰው የለም።

አሁን ጥር ነው። በጎረቤቷ በወይዘሮ ባፈና ቤት በተደገሰው የማርያም ማኅበር ላይ፣ አለመሞቷ እንደ ነውር ሆኖባት፣ ጥጓን ይዛ ጠላዋን ትጠጣለች። በማኅበሩ ወግ ጽዋውን የተቀበለች ሴት በሚቀጥለው ወር ትደግሳለች። ተራው የይርገዱ ነበር። ባፈና ግን ጽዋውን አንስታ ይርገዱን አልፋ ከጎኗ ላለችው ሴት ዘረጋችላት።

«ይርገድዬ፣ አይክፋሽ። እንዳትደክሚ ብለን ነው።»

«ድካሙንስ ደክሜያለሁ። ይበልጥ ያዛለኝ ግን በየወሩ እንደምትሞት ሰው መሰናበታችሁ ነው» አለችና እጇን ዘረጋች። «አምጪው። እስከ የካቲት ካልቆየሁ ጠላውን ለተዝካሬ ትጠጡታላችሁ።»

ባፈና ጽዋውን አስረከበቻት።

ይርገዱ ቤቷ ገብታ ጓዳውን ስታይ የጠላ ጋኗ ከቦታው የለም።

«ዓለሚቱ፣ ጋኑስ?» አለቻት ልጇን።

ዓለሚቱ አንገቷን ደፋች። «በጥቅምት ሆስፒታል ተኝተሽ ሳለ... ሰው ሁሉ ያው ግምቱን አይቶ ነበር፤ ለእትዬ ባፈና ሰጠኋት።»

ይርገዱ ግድግዳውን ተደግፋ ትንፋሿን ሰበሰበች። ለካ ዛሬ ስትጠጣ የዋለችው ጠላ ከራሷ ጋን የተቀዳ ኖሯል። ነጠላዋን መልሳ ተከናነበችና፣ ጋኗን ልታስመልስ ወደ ባፈና ቤት ቀስ እያለች መንገድ ጀመረች።