የኡኩባንዳ ነጭ ጨርቅ

«ይህን ወንበር አንሱልኝ» ይላሉ የመንደሩ የቡድሃ መነኩሴ፣ ገና ሳይቀመጡ።

የሚጠቁሙት ሦስተኛውን ወንበር ነው። ሂንመኒኬ ዛሬ ጠዋት ሦስቱንም በነጭ ጨርቅ ሸፍናለች፤ ሁለቱን ለእሳቸውና አብረዋቸው ለመጡት መነኩሴ፣ አንዱን ለልጇ። የባሏ የኡኩባንዳ ሬሳ ሳጥን ዳሱ መሐል ተቀምጧል።

የእድሩ ሊቀ መንበር ጉናፓላ ጠጋ ብሎ ያንሾካሹካል። «እህቴ፣ ልጅሽ ምንጣፉ ላይ ብትቀመጥስ? አንድ ሰዓት እኮ ነው።»

ልጇ ሱሜዳ እርድ የመሰለ የምንኩስና ልብሷን ለብሳ፣ ራሷን ተላጭታ በር ላይ ቆማለች። ከመነኮሰች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ እናቷ አጎንብሳ ትሳለማታለች፣ አንቺ ብላትም አታውቅም።

«ለምን ሲባል?» ትላለች ሂንመኒኬ።

መነኩሴው ይመልሳሉ። «በእኛ በጥንቱ መንገድ የሴት መነኮሳት ሐረግ ከተቋረጠ ሺህ ዓመት ሊሞላው ነው። የእነዚህ ሹመት በቻይናዎቹ በኩል የመጣ ነው፤ አናውቀውም። ከእኛ እኩል አትቀመጥም፣ በሟቹ ስም ለመነኩሴ የሚሰጠውንም ጨርቅ አትቀበልም።»

«ተዪው እማዬ» ትላለች ሱሜዳ። «ወንበሩም አላፊ ነው።» ሄዳም ምንጣፉ ላይ ትቀመጣለች።

ሂንመኒኬን የሚያንገበግባት ይኸው ነው፤ የልጇ ዝም ብሎ መቀመጥ።

«አባቴ» ትላለች መነኩሴውን ቀና ብላ እያየች፣ «ባሌ ሽባ ሆኖ፣ ሞትን ፈርቶ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ ሦስት ጊዜ ላኩብዎ። አንዴ ምረቃ አለ አሉ። አንዴ እንግዳ አለ አሉ። አንዴ ዝናብ ነው አሉ። እኚህ የናቋቸው መነኩሲት ግን በሁለት አውቶቡስ እየመጡ፣ ‹ይህ አካል የኔ አይደለም፣ ይህም እኔ አይደለሁም› እያስባሉ ፍርሃቱን አወጡለት። ያኔ የቻይና ናቸው ያለ አልነበረም!»

«ኧረ ቀስ!» ይላል ጉናፓላ። «መነኩሴ ይሰደባል እንዴ?»

«ማን ሰደበ? ሰው በሥራው እንጂ በትውልዱ አይከብርም ብለው ቡድሃ አስተምረዋል እያሉ ጨረቃ በሞላች ቁጥር የሚሰብኩን እሳቸው አይደሉም?»

«እውነቷን ነው» ትላለች አንዲት አሮጊት ከኋላ፣ ጮክ ብላ።

የመነኩሴው ፊት ይጠቁራል። «እንግዲያው እኛ እንሄዳለን። ማን እንደሚሸኘው እናያለን።»

ያለ መነኩሴ የተቀበረ ሰው በዚህ መንደር የለም። ሂንመኒኬ ግን ሳጥኑ ላይ የተጣጠፈውን ነጭ ጨርቅ ታነሳለች፣ በመነኩሴው ፊት አልፋ ትሄዳለች፣ ልጇ ፊት ትንበረከካለች።

«ይቀበሉኝ» ትላለች። «ለአባትዎ ነው።»

ሱሜዳ በሁለት እጇ ትቀበላታለች።

መነኩሴዎቹ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ይወጣሉ፣ ጉናፓላም ይቅርታ እየለመነ ይከተላቸዋል። ሌላ የሚነሳ ግን የለም። አሮጊቷ እንዲያውም ምንጣፉ ድረስ መጥታ ትቀመጣለች።

ሱሜዳ ጸሎቱን ብቻዋን ትጀምራለች። «የተሠራ ሁሉ ያልፋል፤ ይወለዳል፣ ይጠፋል...» ሂንመኒኬ፣ በጎ ሥራቸው ለሟቹ እንዲደርስ፣ እንደ ወጉ ከማሰሮው ሳህን ላይ ወደ ተቀመጠው ጽዋ ውኃ ታፈሳለች። የጎረቤት ሴቶች አንድ በአንድ እጃቸውን ማሰሮው ላይ ያሳርፋሉ።

ድንገት ጸሎቱ ይቋረጣል። «አባዬ» ትላለች መነኩሲቷ፣ በልጅነት ድምፅዋ።

ጽዋው ሞልቷል። ውኃው በሳህኑ አልፎ ምንጣፉ ላይ ይወርዳል፤ ሂንመኒኬም ማፍሰሷን አታቆምም።