ቦታው የተያዘበት ክሪስታል

ተመራማሪዋ ታናሽ እህቷን የአልጋ ቁራኛ ያደረጋትን ፕሮቲን ማጥናት ከጀመረች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ፕሮቲኑን የሚያስቆም መድኃኒት ይገባበታል ባለችው ጎድጓዳ ቦታ ላይ ግን፣ የፕሮቲኑ ክሪስታል ኤክስሬይ ተነስቶ በወጣው፣ አተሞች የት እንዳሉ በሚያሳየው የኤሌክትሮን ካርታ፣ ምንነቱ ያልታወቀ ደመና ተጎልቷል። ውሃ ነው ብላ ሞከረች፤ አልገጠመም። ስኳር አለች፣ ቅባት አለች፤ ወይ ፍንክች! ፕሮቲኑን እንደ አዲስ አጥርታ ሌላ ክሪስታል ብታበቅልም ያው ደመና ከነቅርጹ ጠበቃት።

“እትዬ፣ ምን ተገኘ?” አለቻት እህቷ በስልክ።

“ቦታው ተይዟል” አለች ሳታስበው።

በማግስቱ የላቦራቶሪው ኃላፊ፣ “የማሽኑ ጣጣ እንዳይሆን እስቲ ተራ ጨው ሞክሪ። ጨው ውስጥ እንኳን ደመና፣ አንዲት ጠብታ ውሃም አትገባም” አሏት።

አንዲት የጨው ክሪስታል መርጣ ማሽኑ ላይ ሰቀለች። ካርታው ሲከፈት የሶዲየሙም የክሎሪኑም አተሞች በየረድፋቸው ተሰልፈዋል። መሀል ላይ ያ ደመና ተቀምጧል።

“አሃ፣ ማሽኑ ነው!” አለች በደስታ።

ኃላፊው ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው ረድፎቹን በጣታቸው ተከተሉ። ደመናው ጋ ሲደርሱ ረድፎቹ ወደ ግራና ቀኝ ጎብጠዋል።

“ማሽኑ ቢሆን ኖሮ” አሉ ቀስ ብለው፣ “አተሞቹ ቦታ ባልለቀቁለት ነበር።”