የጉንዳኖቹ ዛፍ

የዕፅዋት ተመራማሪው ዶክተር ኦታቪዮ ለቴሌቪዥን ቀረጻ የሚደገፉበት ዛፍ ሲመርጡ ዙልሚራ ታያቸው ነበር። በብራዚል፣ በጎያስ ሜዳና በወንዝ ዳር፣ አስራ ስምንት ዓመት መርታቸዋለች። የትኛው ተክል ለጉንዳን ጣፋጭ ፈሳሽ እንደሚያመነጭ፣ የትኛው ጉንዳን አባጨጓሬን ከቅጠል ላይ እንደሚያባርር ያሳየቻቸው እሷ ናት። ሰሞኑን የወጣው መጽሐፋቸው ግን “ሁሉንም ብቻዬን ደረስኩበት” ይላል።

“ይሄኛው ያምራል፣ አይደል?” አሉ፣ ቀይ አበባ ያንዠረገገ ቀጭን ዛፍ እያሳዩዋት።

የዛፉ ግንድ ውስጡ ክፍት ነው፤ ተናዳፊ ጉንዳን ሞልቶበታል። ልትነግራቸው አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው።

“በጣም ያምራል፣ ዶክተር። ደገፍ ይበሉበት እንጂ!”

ተደገፉት። ስለ ጉንዳንና ተክል ወዳጅነት መናገር እንደጀመሩ ጮኸው ዘለሉ፤ ሸሚዛቸውን አውልቀው ወረወሩ። ካሜራው መቅረጹን አላቆመም።

“እያወቅሽ ነው! ለምን አልነገርሽኝም?”

“ውይ ዶክተር፣ እኔ ምን አውቄ! መጽሐፍዎ ላይ ያለ መስሎኝ ነው።”

ካሜራማኑ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን ቀረበችና፣ ጀርባቸው ላይ የቀሩትን ጉንዳኖች አንድ በአንድ፣ ምንም ሳትቸኩል፣ ትለቅምላቸው ጀመር።