ደህና ነኝ አለ

ለምን አይነሳም?

ውብአየሁ ጃንጥላዋን መዘርጋት ረስታ ዝናቡ ውስጥ ቆማለች። ታናሽ ወንድሟ ዓምደ ሚካኤል ጭቃው ላይ ተንጋሏል። የጣለው ኒውዚላንዳዊ ግንድ የሚያህል ልጅ ነው፤ ኳሱን ነጥቆ ሲሄድ ዞር ብሎም አላየው። እንግዶቹ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ለጨዋታ ጉዞ የመጡ ተማሪዎች ናቸው። ወንድሟ የሚጫወትበትን የሲያትል የራግቢ ቡድን ሃምሳ ለሦስት እየመሩ፣ ገና ምንም እንዳላገኘ ሰው ይሮጣሉ።

«ኦኬ፣ ይሄ ጌም አይደለም፤ የወሰን ጠብ ነው» ይላል ጎኗ የቆመው ገመዳ። እዚህ ማውንት ቤከር ሰፈር ሜዳ ድረስ በታክሲው ያመጣት እሱ ነው።

ሐኪሙ ሮጦ ይደርሳል። ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ይጠይቀዋል። ዓምደ ሚካኤል አውራ ጣቱን ቀና አድርጎ ደህና ነኝ ይለዋል። ሰው ያጨበጭባል። ውብአየሁ ግን አታጨበጭብም። እነሱ ቤት ደህና ነኝ መልስ አይደለም። አባታቸው ሳንባው አልቆ፣ ጎረቤት በጠየቀው ቁጥር ደህና ነኝ፣ ተመስገን እያለ ነው የሞተው።

ወንድሟ ይነሳል። ትንሽ ይንገዳገድና ሄዶ ከኒውዚላንዳውያኑ ጋር ይሰለፋል። ልጆቹ ይስቃሉ፤ አንዱ ትከሻውን ይዞ ወደ ወገኖቹ ያዞረዋል። ገመዳም መሳቅ ጀምሮ ይተወዋል።

ኳሱ እነሱ አጠገብ ወደ ውጭ ሲወጣ ዓምደ ሚካኤል ሊያነሳው ይመጣል። የአንድ ዓይኑ ብሌን ከሌላው ሰፍቷል።

«እትዬ» ይላታል ቀስ ብሎ፣ «እማዬን ከዝናቡ አስገቢያት እንጂ።»

እናታቸውን ከሦስት ዓመት በፊት፣ በሱዳን በኩል ሲሸሹ፣ ድንበሩ ላይ ቀብረዋታል። ድንጋዩን የደረደረው እሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ውብአየሁ ከዚህ ልጅ በቀር ሰው የላትም።

ወደ አሰልጣኙ ትሄዳለች። አሰልጣኙ ሐኪሙን ያሳያታል፤ ያለ ሐኪም ቃል ተጫዋች አልቀይርም ይላል። ሐኪሙ ደግሞ ጠይቄዋለሁ፣ ደህና ነኝ ብሏል ይላታል። አረጋውያን በምታጥብበት ቤት የለቀመችው እንግሊዝኛ ለሾርባና ለፎጣ ይበቃታል እንጂ ለዚህ አይበቃም። ይሉኝታም ይዟታል። ጠዋት ከቤት ሲወጣ፣ ሰው ፊት እንዳታሳፍሪኝ ብሏት ነበር። ሐኪሙ ፊቱን ወደ ሜዳው ይመልሳል። እሷ አንድ እርምጃ ትሸሻለች፤ ተመልሳ እጅጌውን ትይዘዋለች።

«እኛ ሰው ሲጠይቀን እንደዚያ ነው የምንለው» ትለዋለች ቃል በቃል እየፈለገች። «እየሞትንም እንደዚያ ነው የምንለው። አሁን ደግሞ የሞተችውን እናታችንን ከዝናብ አስገቢያት አለኝ።»

የሐኪሙ ፊት ይለወጣል። እጁን አንስቶ ዳኛውን ይጣራል። ዳኛው ጀርባውን ሰጥቷል። ኳሱ ተለግቷል፤ ወደ ላይ፣ እጅግ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ዓምደ ሚካኤል ብቻውን ወደቆመበት ይወርዳል። ሦስት እንግዶች ሥር ሥሩን እየጋለቡ ይመጣሉ። ልጁ እጆቹን አልዘረጋም። ሰማዩን ያያል።

ውብአየሁ መስመሩን ጥሳ ትሮጣለች።

«ዓምዴ፣ ተወው፤ እኔ ጋ ና።»

ሦስቱ ይደርሱበትና ይጥሉታል።

ከልጅነቱ ጀምሮ፣ እንቅልፍ ላይ ሆኖ እንኳ፣ ስትጠራው አቤት ሳይላት ቀርቶ አያውቅም። ደግማ ትጠራዋለች። ኳሱ ማንም ሳይነካው እየነጠረ ወደ ውጭ ይወጣል፤ እሷ ጭቃው መካከል ቆማ፣ አንገቷን አዘንብላ ታዳምጣለች።